ቀንድ አውጣንና ወገኑን ለይቶ ስለ ማወቅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር አባሎች ያደረጉት ንግግር)



በዚህ በደስታ ቀን ስለ ቡና ወይም ስለ እንሰት እንናገራለን ብላችሁ የጠበቃችሁን ብዙዎች ሳትሆኑ አትቀሩም። የጌዴኦ ልጅ ስለ እነዚህ ሁለቱ ቢናገር የሚፈርድበት የለም። እኛ ግን የመረጥነው ስለ ቀንድ አውጣና እያንዳንዱን ቀንድ አውጣ ከወገኑ ጋራ እየለዩ ስም ስላወጡለት ሊቃውንት መናገር ነው። ነገሩ ሲሰሙት ያስቅ ይሆናል። ነገር ግን ይህ ትንሽ ፍጥረት ወደ ቡናውም፣ ወደ እንሰቱም፣ ከሁሉም በላይ ወደ ልጆች ጤና የሚያደርስ መንገድ ስላለው ጥቂት ጊዜ እንድትታገሡን እንለምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

በቀይ ባሕርና በሌሎችም ባሕሮች ጠረፍ፣ ማዕበል በሚመታው ዓለት ላይ ተጣብቆ የሚኖር አንድ ዐይነት ቀንድ አውጣ አለ። ዛጎሉ እኛ በጓሯችን እንደምናየው የተጠመዘዘ አይደለም፤ ሾጣጣ ቆብ ወይም ተደፍቶ የተቀመጠ ትንሽ ጽዋ ይመስላል። እንግሊዞች ሊምፔት ይሉታል። እኛም በዚህ ንግግራችን «ቆብ ለበስ ቀንድ አውጣ» ብለን እንጠራዋለን።

የዚህ ፍጥረት ኑሮ ሲመለከቱት ያስደንቃል። ከዛጎሉ ሥር ያለው ሰፊ ሥጋ እግሩ ነው። በዚህ እግርና ከእግሩ በሚወጣው የሚያጣብቅ ፈሳሽ ዓለቱን ይይዛል፤ አንድ ጊዜ ከተጠነቀቀ በጣት ጎትቶ ማላቀቅ ጭንቅ ነው። የሚበላው በድንጋዩ ላይ የሚበቅለውን አልጌ የሚባለውን ለጋ አረንጓዴ ነገር ነው። ይህንንም የሚፍቀው በምላሱ ላይ በረድፍ በተተከሉ፣ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሱ ጥርሶች ነው። በ2015 በእንግሊዝ አገር የፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነዚህን ጥርሶች መርምረው፣ ብረት ያለበት ቀጫጭን ማዕድን የተሠራባቸው መሆናቸውንና ከሸረሪት ድር እንኳ የበረቱ መሆናቸውን አስታወቁ። በሕይወት ካሉ ፍጥረቶች አካል እስከዚያን ጊዜ ከተለካው ሁሉ ብርታቱ የሚበልጥ ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ ቆብ ለበሶች ቤታቸውን ያውቃሉ። ውሃው ሲመጣ ምግብ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ከበሉ በኋላ ወደዚያችው ወደ ተነሡባት ሥፍራ ይመለሳሉ። የዛጎላቸው ከንፈርና የዓለቱ ፊት እንደ ድስትና እንደ ክዳኑ የተስማሙ ስለ ሆኑ፣ ውሃው ሲርቅ ፀሐይ አያደርቃቸውም። ይህ ፍጥረት ከዓለቱ ተነሥቶ ምግብ እንደሚፈልግ የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ ከ2,300 ዓመት በፊት ጽፎታል።

እንግዲህ ወደ ስም አውጪዎቹ እንምጣ። የስዊድን ሊቅ ካርል ሊኔ፣ ሊኒየስ የሚባለው፣ በ1758 ባሳተመው መጽሐፉ ለእንስሳት ሁሉ ሁለት ሁለት ቃል ያለው የላቲን ስም ሰጠ። የመጀመሪያው ቃል የወገኑ፣ ሁለተኛው የራሱ መጠሪያ ነው፤ የአንድ ሰው ስም ከአባቱ ስም ጋራ እንደሚጠራ ማለት ነው። ቆብ ለበሱን «ፓቴላ» አለው። ትርጓሜውም ትንሽ ሳህን ማለት ነው። ነገር ግን ሊኒየስ በጊዜው በእጁ የነበረው በአብዛኛው ባዶ ዛጎል ስለ ነበረ፣ ሳህን የመሰለውን ሁሉ በአንድ ስም ሰበሰበው። በባሕር ዓለት ላይ ያለውም፣ ጨው በሌለበት ውሃ ውስጥ የሚኖረውም ትንሽ ቆብ ለበስ «ፓቴላ» ተባለ።

ጥቂት ቆይቶ በ1774 የዴንማርኩ ሊቅ ኦቶ ፍሬድሪክ ሙለር የወንዙን ቆብ ለበስ «አንኪሉስ» በሚል ሌላ የወገን ስም ለይቶ ጻፈው። ከዚያ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ደግሞ ዛጎሉን ትተው ውስጡን ከፍተው ተመለከቱ። የባሕሩ ቆብ ለበስ እንደ ዓሣ በስንጥብ የሚተነፍስ ጥንታዊ ወገን ነው። የወንዙ ቆብ ለበስ ግን አየር በሚተነፍሱት ቀንድ አውጣዎች ዘር የሚቈጠር ሆኖ ተገኘ። በቅርብ ዓመቶችም በዘር ቅንጣት፣ ዲ ኤን ኤ በሚሉት የተደረገው ምርመራ ይህንኑ አጸና። የወንዙ ቆብ ለበስ ከባሕሩ ጋራ በመልክ ይመሳሰላል እንጂ ዝምድናው ሩቅ ነው፤ የቅርብ ዘመዶቹ እንደ ሳንቲም የተጠመዘዘ ዛጎል ያላቸው የኩሬ ቀንድ አውጣዎች ናቸው።

ታዲያ መልካቸው ስለ ምን ተመሳሰለ? ኑሯቸው ስለ ተመሳሰለ ነው። አንዱን ማዕበል፣ ሌላውን የወንዝ ጉርፍ ይገፋዋል፤ ሁለቱም ከድንጋይ ጋራ ተለጥፈው መቅረት አለባቸው። ለዚህ ደግሞ ከቆብ የተሻለ ቅርጽ የለም። በአገራችንም ቋንቋ የሌሊት ወፍ ክንፍ ስላላት ወፍ ተብላለች፤ ሆኖም ልጇን ታጠባለች። ስለዚህ የውጭ መልክ ብቻውን ዘርን አይመሰክርም።

ይህን ዕውቀት ለማከማቸት ሰዎች ሕይወታቸውን ከፍለዋል። የሊኒየስ ተማሪ የነበረው ፔተር ፎርስኮል የዴንማርክ ንጉሥ ከላከው ቡድን ጋራ ቀይ ባሕርን አልፎ የመን ገባ፤ በ1763 እዚያው በወባ ሞተ። ከቡድኑ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ሲሆን፣ የፎርስኮልን ጽሑፍ በ1775 ያሳተመለት እሱ ነው። ከዚያም ቪልሄልም ሄምፕሪክና ክርስቲያን ኤረንበርግ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ወዳጆች በቀይ ባሕር ዙሪያ ፍጥረት ሲሰበስቡ ሄምፕሪክ በ1825 በምጽዋ በትኩሳት ሞተ። ኤረንበርግ ተመልሶ ከጻፋቸው ስሞች አንዱ በ1831 ለአንድ የውሃ ቀንድ አውጣ የሰጠው «ፎርስካሊ» የሚለው ነው። በየመን የቀረው ወጣት ስሙ በዚህ ትንሽ ዛጎል ላይ ሲጠራ ይኖራል።

ወደ አገራችንም አካባቢ የመጡ አሉ። ካርል ዪኬሊ በ1870 ግድም በምጽዋና በቦጎስ አካባቢ የሰበሰበውን አጥንቶ ስለ ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የየብስና የውሃ ቀንድ አውጣዎች በ1874 ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ፈረንሳዊው ቡርጊኛ ደግሞ አሺል ራፍሬ ከኢትዮጵያ ያመጣለትን ዛጎል ይዞ በ1883 ስለ ኢትዮጵያ ቀንድ አውጣዎች ጻፈ። ቡርጊኛ ጥቂት የመስመር ወይም የቀለም ልዩነት ባየ ቍጥር አዲስ ስም የሚያወጣ ሰው ስለ ነበረ፣ ከሰጣቸው ስሞች ብዙዎቹ በኋላ ተሰርዘዋል። እንግዲህ ሊኒየስ የተለያየውን አንድ አደረገ፤ ቡርጊኛ አንዱን ብዙ አደረገ። አንደኛው እህሉን ከገለባው ጋራ የከመረ፣ ሁለተኛው አንዱን ቍና በየፍሬው የቈጠረ ገበሬ ይመስላል። ዕውቀት የሚገኘው በሁለቱ መካከል በብዙ ትዕግሥት ነው።

በዘመናችን አቅራቢያ ይህን ትዕግሥት ያሳየው እንግሊዛዊው ዴቪድ ብራውን ነው። የኢትዮጵያን የወንዝና የሐይቅ ቀንድ አውጣዎች መርምሮ በ1965 አሳተመ። በደቡብ ትግራይ ከኮረም አጠገብ ባለው በአሸንጌ ሐይቅ ለሚገኘው ትንሽ ቆብ ለበስም በሐይቁ ስም «አንኪሉስ አሸንጊየንሲስ» ብሎ ስም አወጣለት። ይህ ፍጥረት የኢትዮጵያ ብቻ ሆኖ ተመዝግቧል። ብራውን በኋላ በ1980 ስለ መላው አፍሪካ የወንዝና የሐይቅ ቀንድ አውጣዎችና በሕክምና በኩል ስላላቸው ነገር የጻፈው መጽሐፍ በብዙ አገር ሐኪሞች እጅ ገብቷል።

ሐኪሞች ከቀንድ አውጣ ጋራ ምን አላቸው? የንግግራችን ዋና ነገር ይህ ነው።

በ1851 ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በካይሮ ከሞተ ሰው ደም ሥር ውስጥ ትል አገኘ። በሽታውም በስሙ ቢልሃርዝያ ተባለ። ትሉ ወደ ሰው እንዴት እንደሚገባ ግን ከ60 ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቈየ። በ1913 ሚያይሪና ሱዙኪ የተባሉ ጃፓናውያን በአገራቸው ያለው የዚህ ትል ወገን በቀንድ አውጣ ውስጥ እንደሚያድግ አገኙ። በ1915 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ሮበርት ሌይፐር በግብፅ ነገሩን ፈጽሞ ገለጠው። ትሎቹ ሁለት ናቸው፤ ቀንድ አውጣዎቻቸውም ሁለት ናቸው። የሽንት ፊኛን የሚያመው ትል የሚያድገው «ቡሊኑስ» በሚባለው፣ አንጀትን የሚያመው ደግሞ ዛሬ «ቢዮምፋላሪያ» በሚባለው ጠፍጣፋ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። «ቡሊኑስ» የሚለው ስም የመጣው ፈረንሳዊው አዳንሶን በ1757 ስለ ሴኔጋል ባሳተመው መጽሐፍ ለአንድ የኩሬ ቀንድ አውጣ ከሰጠው መጠሪያ ነው። አዳንሶን ለዕውቀት ፍቅር ብሎ ያኖራት ስም ከ158 ዓመት በኋላ የሐኪም መሣሪያ ሆነች።

የበሽታው መንገድ እንዲህ ነው። የታመመ ሰው በውሃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቍላል ወደ ውሃ ይገባል። ከእንቍላሉ የወጣችው ዐይን የማያያት እጭ የሚስማማትን ቀንድ አውጣ ፈልጋ ትገባለች፤ የማይስማማት ከሆነ ትሞታለች። በሚስማማት ውስጥ ግን ትበዛለች። ከሳምንታት በኋላ እጅግ ብዙ ሌሎች እጮች ከቀንድ አውጣው ወጥተው በውሃ ውስጥ የሚዋኘውን፣ ልብስ የሚያጥበውን፣ ከብት የሚያጠጣውን ልጅ ቈዳ በስተው ይገባሉ። ይህንንም በጥቂት ደቂቃ ይፈጽማሉ፤ ልጁ ምንም አያውቅም። እንግዲህ ከአንድ ወንዝ ዳር ጐን ለጐን ከተቀመጡት ቀንድ አውጣዎች አንዱ በሽታ ያሳድጋል፣ ሌላው አያሳድግም። ለይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉንም ይፈራል፤ ወይም ሁሉንም ይንቃል። ሁለቱም ይጐዳል።

በኢትዮጵያ የአንጀት ቢልሃርዝያን በብዛት የሚያሳድገው ክራውስ በ1848 «ፕፋይፈሪ» ያለው ቢዮምፋላሪያ ነው። ሌላው ዘመዱ፣ ማርተንስ በ1870 «ሱዳኒካ» ያለው፣ በዝዋይና የጊዳቦ ወንዝ በሚገባበት በአባያ ሐይቅ ይገኛል። አባያ ከጌዴኦ ተራራ በስተ ምዕራብ ያለ ጐረቤታችን ነውና ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

አሁን ደግሞ የሚያኰራንን የአገራችንን ሰው እንጥቀስ። በ1964 ወጣቱ ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። ከዚያ በላይ ያሉት ግን በሕይወት ነበሩ። ዶክተር አክሊሉ ይህን አይተው አላለፉም፤ የእንዶድን ፍሬ መርምረው ቀንድ አውጣን የሚገድል መሆኑን አስረዱ። በ1966 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በ1989 ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን የዓለም ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐርፈዋል። እንዶድ ዓሣንም ስለሚጐዳ ማንም ተነሥቶ ወንዝ ውስጥ የሚበትነው ነገር አይደለም፤ የባለሙያ መመሪያ ያስፈልገዋል። እኛ ከዚህ የምንማረው፣ እናቶቻችን ለልብስ የሚያውቁትን ተክልና ሊቃውንት በላቲን የሰየሙትን ቀንድ አውጣ አንድ ሰው በአንድ ወንዝ ዳር ባገናኛቸው ጊዜ ታላቅ ሥራ መወለዱን ነው።

ክቡራን ወላጆቻችን፤ ወገን መለየትና ስም ማውጣት ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ ጥበብ አይደለም። የጌዴኦ ሽማግሌና እናት ወደ እንሰት ጓሮ ገብተው ይህ ጋንቲቾ ነው፣ ይህ ቶራቾ ነው፣ ይህ ኒፎ ነው ብለው ይለያሉ። ለእኛ ለልጆች ሁሉም አንድ እንሰት ሆኖ ሲታየን፣ እነሱ በግንዱ መልክና በቅጠሉ ጅማት እያዩ የትኛው ለቆጮ፣ የትኛው ለቃጫ እንደሚበጅ ያውቃሉ። የጌዴኦ መልክዐ ምድር በ2023 በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ የተመዘገበው እንዲህ ያለው ዕውቀት ዛፉን፣ ቡናውንና እንሰቱን በአንድ ማሳ አስማምቶ ስላኖረ ነው።

ሊቃውንቱም ከዚህ ጓሮ ተበድረዋል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ እንሰትን በሥዕል አሳየ። በማግሥቱ በ1791 ጀርመናዊው ግሜሊን የሊኒየስን መጽሐፍ አስፍቶ ሲያወጣ፣ እንሰትን ከሙዝ ወገን ቈጥሮ «ሙሳ ኤንሴቴ» አለው። የሚያስገርመው ነገር፣ የቀይ ባሕሩን ቆብ ለበስ «ፓቴላ ሮታ» ብሎ የሰየመው ይኸው ሰው በዚያው ዓመት ነው። በ1947 እንግሊዛዊው ቺዝማን እንሰት ከሙዝ የተለየ ወገን መሆኑን አስረድቶ «ኤንሴቴ» በሚለው ወገን ለየው። ስለዚህ ዛሬ በዓለም መጻሕፍት ሁሉ የዚህ ተክል የወገን ስም የእኛው ቃል ነው።

ቡናችን ግን እንዲህ አልቀናውም። ሊኒየስ በ1753 «ኮፌያ አራቢካ» አለው፤ ቡናን የሚያውቀው ከዐረብ አገር በመጣው ነበርና። የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያ መሆኑ ከታወቀ በኋላም ስሙ አልተለወጠም፤ በሕጉ መሠረት ቀድሞ የተጻፈ ስም ይጸናልና። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። የአገሩን ፍጥረት የአገሩ ሰው ፈጥኖ ካልጻፈው፣ ሌላው ባየው መጠን ይጽፈዋል።

ስለዚህ የማኅበራችን አባሎች ለጓደኞቻችን የምናቀርበው ጥሪ ይህ ነው።

አንደኛ፤ ለገዳራንና ሌሎቹን ወንዞቻችንን በዐይን እንመልከት። በባዶ እግር ግን ወደ ውሃው አንግባ፤ በባዶ እጅም ሕይወት ያለውን ቀንድ አውጣ አንንካ። በዳር ደርቆ የተገኘ ባዶ ዛጎል ለትምህርት ይበቃል።

ሁለተኛ፤ ዛጎሉን ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እኛ አድርገን እንያዘው። አፉ በስተ ግራ ከሆነ ከቡሊኑስ ወገን ሊሆን ይችላል። በስተ ቀኝ ሆኖ ዛጎሉ ቀጭንና አፉ ሰፊ ከሆነ ደግሞ የከብትን ጉበት የሚጐዳውን ትል የሚያሳድገው «ሊምኔያ» ሊሆን ይችላል። ጫፍ የሌለው፣ እንደ ሳንቲም የተጠመዘዘ ከሆነ ቢዮምፋላሪያን እንጠርጥር። ከድንጋይ ጋራ የተለጠፈ ትንሽ ቆብ ከሆነ የዛሬው እንግዳችን የቆብ ለበሱ ወገን ነው። መጠርጠር እንጂ መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም፤ ፍርዱን ለመምህራንና ለባለሙያዎች እንተው።

ሦስተኛ፤ በእያንዳንዱ ዛጎል ላይ የተገኘበትን ሥፍራና ቀን እንጻፍ። ሥፍራውና ቀኑ ያልተጻፈበት ዛጎል ጌጥ ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም። ከዚያው ጋራ አያቶቻችን የሚያውቋቸውን የእንሰት ዐይነቶች ስምና ጠባይ እየጠየቅን በደብተር እንመዝግብ። አንድ ሽማግሌ ባረፉ ቍጥር የሚቀበር ስም አለ።

ለወላጆቻችንም አንድ ልመና አለን። ልጅ ሆዱን አመመኝ ሲል፣ በሰገራው ወይም በሽንቱ ደም ሲታይ በቤት አይቈይ። ወደ ጤና ጣቢያ ቢወሰድ ምርመራውም መድኃኒቱም አለ፤ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ትሉን ይገድላል። መጸዳጃ ቤት ያለውና የሚጠቀምበት ቤተ ሰብ ደግሞ የትሉን መንገድ ከመጀመሪያው ይዘጋል፤ እንቍላሉ ወደ ውሃ ካልገባ ቀንድ አውጣው ብቻውን ማንንም አይጐዳም።

ፎርስኮልና ሄምፕሪክ ከአገራቸው ርቀው በሰው አገር ወድቀዋል። እኛ ግን የምንመረምረው ወንዝ በደጃችን የሚያልፍ፣ የምንጠይቃቸው ሊቃውንት በየጓሯችን ያሉ ናቸው። ይህ ዕድል የተሰጠው ትውልድ ዝም ቢል ምክንያት የለውም። በሚመጡት የበዓል መጽሔቶቻችን የጌዴኦን ውሃዎች ቀንድ አውጣዎች ከነሥፍራቸውና ከነቀናቸው የሚዘረዝር የተማሪዎች ጽሑፍ ታትሞ ለማየት ተስፋ እናደርጋለን።

ትምህርት ቤታችን ይደግ፤ ይልማ።